ስቶያን ማለት ይቆይ ማለት ነው

የልጄ አማት ከቡልጋሪያ የመጣች ዕለት የልጅ ልጃችንን አይታ መጀመሪያ የተናገረችው ቃል "አስቀያሚ!" የሚል ነበር። እኔ እንድሰማላት ይመስል በእንግሊዝኛ ነው ያለችው። ቀጥላ ሕፃኑ ወደተኛበት የመስታወት ሣጥን ጎንበስ ብላ እትፍ እትፍ እትፍ አለችና በቋንቋዋ አንድ ነገር አነበነበች። ልጇ፣ የሴት ልጄ ባል ማለት ነው፣ ሳቁን እየዋጠ "ዶሮ ኩሷን ትጣልብህ እያለችው ነው" ብሎ ተረጎመልኝ።

ደሜ ፈላ። ውቅያኖስ ተሻግራ መጥታ የገዛ ሥጋዋን አስቀያሚ የምትል አያት አይቼ አላውቅም። ልናገራት አፌን ስከፍት የልጄ ባል ክንዴን ያዝ አደረገኝ። በአገራቸው ሕፃን ቆንጆ ነው ተብሎ አይሞገስም፤ ከተሞገሰ ዓይን ያርፍበታል፤ ስለዚህ የሚወዱትን ልጅ ይሰድቡታል። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። እኔስ ስንቱን ሕፃን እትፍ እትፍ፣ እደግ ተመንደግ ብዬ መርቄያለሁ? ከዓይን ያውጣው ሳይል ልጅ ያሞገሰውን ስንቱን ገላምጫለሁ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ! ልሰድባት የነበረችውን ሴትዮ እዚያው ቆሜ ወደድኳት።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ልጄ እዚሁ ሚኒያፖሊስ ተወልዳ ያደገች፣ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ፋርማሲስት ናት። ባሏ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ ቡልጋሪያዊ ነው። ሴንት ሉዊስ ፓርክ አፓርታማ ተከራይተው ይኖራሉ። ከዚህኛው በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ገና በሆድ ሳለች ስም አወጡላት። እንደዚህ አገር ልማድ ተደግሶ ስሟ ኬክ ላይ ተጻፈ፤ ክፍሏ ግድግዳ ላይም በእንጨት ፊደላት ተለጠፈ። እኔ ልጅ ሳይወለድ ስም አይወጣም ብዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ። ሕፃኗ አንድ ቀን ብቻ ኖረች። ፊደላቱን ባሏ ነቀላቸው። ሙጫው ቀለሙን ይዞት ስለተነሳ ግን ስሟ ግድግዳው ላይ ነጭ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይነበብ ነበር።

ይሄኛው ወንድ ነው። ጊዜውን ሳይጠብቅ መጣና ያለወራቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚቆዩበት ኒኪዩ የሚሉት ክፍል አስገቡት። አንድ እፍኝ ነበር። ስሙን ስጠይቃት ልጄ ፊቷን አዞረች።

"ስም የለውም፣ ማሚ።"

"መቼ ይወጣለታል?"

"ማሚ፣ ፕሊስ።"

ሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት "ወንድ ልጅ" ይላል፤ ከሥሩ የአባቱ ቤተሰብ ስም አለ። ነርሶቹ "ትንሹ ሰውዬ" እያሉ ይጠሩታል። ሳምንት በሳምንት ላይ ሲደረብ ትንሹ ሰውዬ እንደሆነ ቀረ።

እኔን ያስጨነቀኝ ስሙ ብቻ አልነበረም። ልጄ ሕፃኑን የምታቅፈው ነርሷ አንስታ ስትሰጣት ነው። ከመለሰችው በኋላ እጇን አጣጥፋ ሞኒተሩን ታያለች፣ ልጁን አይደለም። "እሱ" ትለዋለች። "ልጄ" ስትል አንድም ቀን አልሰማኋትም። አንዴ የተቃጠለች ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። ነገር ግን እናቱ ያልተቀበለችው ልጅ በምን ልቡ ይቆያል እያልኩ በሆዴ አለቅስ ነበር። ስም ብታወጣለት እንደተቀበለችው እቆጥረው ነበር። ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለልጁ ይጸለይልኝ ስል ቄሱ ስሙን ጠየቁኝ። ገና ነው አባ አልኳቸው። በእናቱ ክርስትና ስም እናስበዋለን አሉኝ፤ ደግ ሰው ናቸው፤ ቅር እንዳላቸው ግን ፊታቸው ላይ አየሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የኛ መልአክ ምን ይጠብቃል?

የልጄ አማት ብሩክሊን ሴንተር እኔ ቤት አረፈች። እኔ ዉድበሪ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ጠዋት ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ አወርዳትና ወደ ሥራዬ እቀጥላለሁ፤ ስመለስ ልጁን አይቼ ይዣት እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ስለ ቡልጋሪያ የማውቀው እርጎአቸውን ብቻ ነበር፤ እሱንም ከሱቅ። ዓይኔን የገለጠችልኝ እዚያች መኪና ውስጥ ናት። የእሷ እንግሊዝኛ እንደኔው ስብርብር ያለ ነው፤ ሁለት ስብርባሪ ግን ተገጣጥሞ አንድ ሰሃን ይወጣዋል።

በመጀመሪያው ጠዋት ስሟን ጠየቅኋት። የአበባ ስም ነው። ሆሳዕና ሲመጣ፣ በእነሱ አገር የአበባ፣ የዛፍ፣ የቅጠል ስም ያለው ሰው ሁሉ በዓሉ ነው አለችኝ። በሩ ክፍት ነው፤ ማንም ሳይጠራ መጥቶ እንኳን አደረሰሽ ይላል። ልደት የአንድ ሰው ነው፤ የስም ቀን ግን የአገር ነው። እኛ ጋ ሆሳዕና ዘንባባ በግንባራችን አስረን እንውላለን ስላት መሪውን የያዝኩበትን እጄን መታ መታ አደረገችኝ። ለካ ፋሲካችንም ከነሱ ጋር በአንድ ቀን ነው የሚውለው። አምሳ ምናምን ዓመት ኖሬ፣ ከኛ ጋር የሚጾም እንዲህ ያለ ሕዝብ መኖሩን አላውቅም ነበር!

ከዚያ ወዲያ መንገዱ አጠረብን። እሷ የቡልጋሪያ ስም ትጠራለች፣ ትርጉሙን ትነግረኛለች፤ እኔ የኛን እመልሳለሁ። ናዴዥዳ ስትለኝ ተስፋ እላታለሁ። ዝላታ ወርቅ ነው፤ እኛ ጋ ወርቅነሽ አለች። ኔዴልያ እሑድ ነው፤ ሰንበቴ አልኳት። ቦዢዳር የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ሥላሴ እያልኩ ስደረድርላት "ቆይ፣ ቆይ፣ ስንት ናቸው?" አለችኝ። ራዳ ደስታ ናት። ካመን ድንጋይ ነው ስትለኝ ግን ሳቄ አመለጠኝ፤ ሰው እንዴት ልጁን ድንጋይ ይላል? እሷም ጴጥሮስስ ድንጋይ አይደለም ወይ አለችኝ። 

የኔ ትዕቢት ቀላል አልነበረም። ስሙን ሲጠሩት ትርጉሙ አብሮ የሚሰማ፣ እናት ስትወልድ በልቧ የነበረውን በልጇ ስም ለአገር የምትናገር እኛ ብቻ የሆንን ይመስለኝ ነበር። ልጄ ትምህርት ቤት ሳለች ፈረንጆቹ ስምሽ ምን ማለት ነው እያሉ ሲጠይቋት እኔ ነበርኩ ደረቴን የምነፋው። ይኸው አንዲት ሴትዮ ከየት መጥታ፣ በክረምት ካፖርቷ ተጠቅልላ አጠገቤ ተቀምጣ፣ የኔኑ እቃ ከሌላ ጓዳ እያወጣች ታሳየኛለች። ሰውም የሚጠራው እንደኛ በአባቱ ነው፤ የራሱን ስም ያስቀድምና የአባቱን ያስከትላል። ጊዮርጊስን እነሱ ጌዎርጊ ይሉታል። ትርጉሙ በግሪክ ገበሬ ማለት ነው ስትለኝ አላመንኳትም ነበር። እኔ ጊዮርጊስ ሲባል ፈረሱንና ዘንዶውን እንጂ ሞፈሩን አስቤው አላውቅም። አሁን የጊዮርጊስ ዕለት ሲደርስ በሐሳቤ የማየው ሰውዬ በሬ ይነዳል።

ከድሮ ፈረሰኛ አባቶቻቸው የወረሷቸው ስሞችም አሏቸው፤ ትርጉማቸውን ዛሬ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ቋንቋው ሞቶ ስሙ ቀረ፤ እናቶች ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቁት ለልጆቻቸው እያወጡት ይኖራሉ።  የሆነች እናት ነበረች፤ ምን እንደተመኘች የሚያውቅ የለም፤ ምኞቷ ግን እስካሁን ይጠራል።

"የልጁ ስም በልማዳችሁ ማን መሆን ነበረበት?" አልኳት አንድ ቀን።

"የባሌ፣" አለችኝ። "የመጀመሪያ ወንድ የልጅ ልጅ የአባቱን አባት ይወስዳል። ባሌ ሞቷል። አሁን ልጆቹ ዘመናዊ ሆነው የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ይወስዱና ሌላ ስም ያወጣሉ። አንድ ሙሉ ሰው ሞቶ አንድ ፊደል!"

"ለልጄ ነግረሻታል?"

"አልነገርኳትም። ቢፈልጉ ፈረስ ይበሉት። ብቻ ይቆይ።"

ከዚያ ስቶያን የሚባለውን ስም ነገረችኝ። ስቶያን ማለት ይቁም፣ ይቆይ ማለት ነው። ልጅ እየወለደ የሚቀብር ቤት ለሚቀጥለው ልጅ ያወጣዋል። ዢቭኮ ይኑር ነው። ዝድራቭኮ ጤናማ ይሁን ነው። ቨልኮ ተኩላ ነው፤ በሽታው የተኩላ ግልገል መስሎት ፈርቶ እንዲያልፍ። እኔም ቆየኝ፣ ያኑረው፣ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ እያልኩ ቆጠርኩላት። አንዱን ስም በተናገርኩ ቁጥር ትርጉሙን እየጠየቀች ራሷን ትነቀንቃለች። ማስረሻን ስተረጉምላት መሐረብ አወጣች። እኔም ዓይኔ ጭጋግ ሆኖብኝ ከአውራ ጎዳናው ወጥቼ ነዳጅ ማደያ ቆምኩ። እሷ ስንት ቀብራ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እኔንም አልጠየቀችኝም።

እዚያው እንደቆምን ነው የአያቷን ታሪክ ያወጋችኝ። የአያቷ እናት ልጆች ወልዳ ወልዳ አልበረከቱላትም። አያቷ ሲወለድ የሰፈር ሴቶች ጠቅልለው ወስደው መንታ መንገድ ላይ አስቀመጡትና ከቁጥቋጦ ጀርባ ተደብቀው ጠበቁ። ልማድ ነው። መጀመሪያ ያለፈ ሰው ልጁን ያነሳዋል፤ ያገኘው እሱ ነውና ስም ያወጣለታል፤ የክርስትና አባቱ ይሆናል። ያኔ ያለፈው የመዳብ ድስት ጠጋኝ ነበር። አንስቶ ወደ ወላጆቹ ቤት አመጣውና "ልጅ አገኘሁ፤ ታሳድጉልኛላችሁ?" አለ። ስሙንም ናይደን አለው፤ የተገኘ ማለት ነው። ሞት የዚያን ቤት ልጅ ፍለጋ ቢመጣ የዚያ ቤት ልጅ የለም፤ ያለው ከመንገድ የተገኘ ነው። ሰውየው ሸብቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ሞተ።

እናቴ ከኔ በላይ የተወለዱትን ስትቀብር ኖራ ወንድሜን ስትወልድ ጸጉሩን ሹሩባ ሠርታ፣ ቀሚስ አልብሳ፣ "አንቺ" እያለች ነው ያሳደገችው። ወንድ ልጅ የለኝም ትል ነበር ለጠየቃት ሁሉ፤ እሱ እግሯ ሥር እየተጫወተ። ይሄን ለልጄ አማት ነገርኳት። መኪኖች ነዳጅ ቀድተው ይሄዳሉ፣ ሌሎች ይመጣሉ። እነዚህ ሴቶች፣ የኔ እናትና የአያቷ እናት፣ ተያይተው አያውቁም። አንዷ የሌላዋን አገር ስም እንኳን አልሰማችም። ግን ሁለቱም ሞትን ፊት ለፊት አይተውት፣ ይሄን ማሸነፍ አይቻልም፣ መሸወድ ግን ይቻላል ብለው ቆረጡ። እግዚአብሔር ይሄን ድፍረት ለእናት ሁሉ አድሎት ከሆነ፣ እኔ ከዚህ የሚበልጥ ተአምር አላውቅም።

ልጁ አደገ። ጉንጩ ወጣ። ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ተነቀሉለት። ሐኪሞቹ ቤቱ ይግባ አሉ። ስም ግን አሁንም የለውም። የባሏ እናት ለልጄ የመንታ መንገዱን ልማድ ገና ማውራት ስትጀምር ልጄ "ኖ" አለች፣ በትሕትና፣ ግን በር እንደመዝጋት ባለ "ኖ"። እኔ ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት። የልጄ አማት ግን ስንመለስ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ካሰረች በኋላ ወደኔ ዞረች።

"እኛን ማን ይከለክለናል?" አለችኝ።

ሳቅኩ። ከዚያ መሳቄን አቆምኩ፤ ምክንያቱም እኔም ሳስበው ነበር።

ልጁ ከሆስፒታል በወጣበት ቀን ልጄ ናት የነዳችው። ባሏ የልጁን ቫይታሚን ሊያመጣ ፋርማሲ ወርዷል። አፓርታማው በር ላይ ስትደርስ ሁለታችንን ከነሕፃኑ አውርዳን መኪናዋን ልታቆም ወደ ምድር ቤት ጋራዥ ገባች። ሕንፃው መግቢያ ላይ ሁለት ኮሪደር ይገናኛል፤ አንዱ ከውጭው በር ወደ ሊፍቱ፣ ሌላው ከጋራዡ ደረጃ ወደ ልብስ ማጠቢያው ይሄዳል። የልጄ አማት አየችኝ። እኔም አየኋት። ከዚህ የተሻለ መንታ መንገድ ሚኒሶታ ውስጥ አይገኝም። ሕፃኑን ከነመኪና መቀመጫው መሐል ላይ አስቀመጥነውና ከአንድ ትልቅ የፕላስቲክ ዛፍ ጀርባ ተሸሸግን። እኔ ወፍራም ነኝ፤ ዛፉ የሚደብቀው ግማሼን ነው።

መጀመሪያ ውሻ የያዘ ሰውዬ መጣ። ውሻው አሸተተ፣ ሰውዬው ይቅርታ ጠየቀ፤ ማንን እንደጠየቀ አላውቅም፤ ሄደ። ቀጥላ ልብስ የተሸከመች ወጣት መጣች። ጆሮዋ ላይ ያ የሙዚቃው ነገር ተሰክቷል። "ኦ፣ ክዩት!" አለችና ዞራው አለፈች። የልጄ አማት እዚያው ሆና እትፍ እትፍ አለች። ከዚያ እቃ አድራሽ መጣ። ካርቶኑን ከልጁ አጠገብ አስቀመጠ፣ ስልኩን አወጣ፣ ካርቶኑን ፎቶ አነሳው፣ ወጣ። የልጅ ልጄ ግማሽ ፊት እዚያ ፎቶ ላይ ሳይኖር አይቀርም። ይሄ አገር ትሁት ነው፤ የሌላ ሰው የሆነ ነገር አይነካም። እኛ የምንፈልገው ደግሞ የሚነካ ሰው ነበር።

ሕፃኑ መነጫነጭ ጀመረ። ይብቃን ብዬ ልወጣ ስል የጋራዡ በር ተከፈተና ልጄ ብቅ አለች።

ልጇን ብቻውን አየችው። ማንም አጠገቡ የለም። የያዘችው ቦርሳ ከእጇ ወደቀ። አሁን ጮኻ ታዋርደናለች አልኩ። ልጄ ግን አልጮኸችም፤ እኛንም አልፈለገችም። ሮጣ ተንበረከከች፣ ቀበቶውን ፈታች፣ ነርስ ሳትሰጣት፣ ማንም ይሁን ሳይላት፣ ከፍ አድርጋ ደረቷ ላይ አደረገችው። ከዚያ በስሙ ጠራችው።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ከቡልጋሪያ ይሁን ከኛ፣ ትርጉሙ ምን እንደሆነ፣ የቤታችን ነው። መናገር የምፈልገው አጠራሯን ነው። አዲስ ስም አፍ ውስጥ ይታወቃል፤ እንዳልለመዱት ጫማ ነው። ይሄ ግን ያለቀ፣ የለሰለሰ፣ ሺህ ጊዜ የተጠራ ስም ነበር፤ ተቆራርጦ፣ ተቆላምጦ፣ እናት ብቻ በምታውቀው መንገድ ተለውጦ። ልጁም ጸጥ አለ። ስሙ እንደሆነ ያውቃል። ድምፁ ወደመጣበት ፊቱን አዞረና አፈጠጠባት።

ከዛፉ ጀርባ ወጣን። የልጄ አማት ክንዴን ጨምቃ ይዛኛለች።

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኳት ልጄን።

ቀና ብላ አየችን። ስታለቅስ ነበር። መልሱን በአማርኛ ነው የመለሰችልኝ፣ ቀስ እያለች፣ ቃል እየፈለገች። "ከመጀመሪያው ቀን። እናንተ ስትወጡ። በጆሮው ብቻ ነው የምነግረው።" ቀጥላም "ለማንም ካልነገርኩ ማንም አይወስደውም ብዬ፣" አለች።

የእናቴን ጉዳይ አንድም ቀን አልነገርኳትም። የቡልጋሪያዋንም ታሪክ ለመስማት እምቢ ብላ ነበር። ማንም አላስተማራትም። እዚህ በረዶ አገር፣ መድኃኒት በሚሊግራም ስትመዝን የምትውል ልጅ፣ ብቻዋን፣ ከሆዷ አውጥታው ነው። ልጇን አልቀበል አለች ብዬ ሳለቅስ የከረምኩላት ልጅ፣ ልጇን ደብቃው ነበር። እዚያው ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

የልጄ አማት ምን እንደተባለ አልገባትም። ተረጎምኩላት። ሰምታ ስትጨርስ ጎንበስ ብላ ልጄን ግንባሯ ላይ ሳመቻትና "አሁን እኛም ልንጠራው እንችላለን?" ብላ ጠየቀች።

ልጄ ግራ ቀኝ ኮሪደሩን አየች።

"ቀስ ብላችሁ፣" አለች።

ተራ በተራ፣ ቀስ ብለን ጠራነው። እሱ ግን ዓይኑን ከእናቱ ፊት ላይ አላነሳም።